ሰርቨሩን ያፈጠነው ክበብ ስለ ፈጠነው ሰርቨር ያደረገው አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰዓት፦ ከምሳ በኋላ። የሰብሳቢው የእጅ ሰዓትና የግድግዳው ሰዓት ስላልተስማሙ ትክክለኛውን መጻፍ አልተቻለም።

ቦታ፦ ቆቦ፣ የአቶ ሞላ ሞባይል ጥገና ሱቅ የጓሮ ክፍል። የክበባችን ጽሕፈት ቤት የሚባለው ይኸው ክፍል ነው። ማኅተማችንም የሚቀመጠው ከተሰበሩ ስክሪኖች ጋር ነው።

የተገኙ አባላት፦

1. አቶ አራጌ፣ ሰብሳቢ። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር።
2. መምህርት ራቢዓ፣ የትምህርት ዘርፍ ኃላፊ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ያስተምራሉ።
3. አቶ ሞላ፣ የንብረት ዘርፍ ኃላፊ። የተመረጡት ክፍሉም ወንበሮቹም የእሳቸው በመሆናቸው ነው።
4. ሰላሁዲን፣ የቴክኒክ ዘርፍ ኃላፊ። ከአባላቱ መካከል ኮምፒውተር የተማረ እሱ ብቻ ነው። በዚህ ቃለ ጉባኤ አንቱ ያልተባለው ሰብሳቢው ያስተማሩት ልጅ ስለሆነ ነው።
5. አላምረው፣ ጸሐፊ። የአማርኛ መምህር። ጸሐፊ የሆነው ምርጫው በተካሄደበት ቀን ባለመገኘቱ ነው።

በከፊል የተገኙ፦ አቶ ዘይኑዲን፣ የሕዝብ ግንኙነት ዘርፍ ኃላፊ። ለአጎታቸው ልጅ ኒካህ ሮቢት ስለሄዱ በስልክ ተሳትፈዋል።

ከላይ እንደሚታየው ክበቡ ኃላፊ እንጂ ተራ አባል የለውም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ የክበቡ ደንብ አንድ ውሳኔ የሚጸናው ሁሉም አባላት ሰምተው "ሰምቻለሁ" ሲሉ ነው ይላል። በስልክ ያለ ሰው ተገኝቷል ይባላል ወይ የሚል ጥያቄ ከአቶ ሞላ ተነሣ። ኔትወርክ ሲኖር ተገኝቷል፣ ሲጠፋ ቀርቷል በሚል ከረዥም ውይይት በኋላ ተወሰነ። አቶ ዘይኑዲን በዚህ ውሳኔ ላይ ድምፅ አልሰጡም፤ ውሳኔው ሲሰጥ ቀርተው ነበር።

አጀንዳ አንድ። ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ስለ ማጽደቅ

ጸሐፊው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ በንባብ አሰማ። ክበቡ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የሞዴል ፈተና መስጫ ያዘጋጀው ሰርቨር በሙከራ ጊዜ ተንቀራፍፎ ስለነበር፣ ሰላሁዲን እንዲያፈጥነው፣ ለዚህም ከውስጡ የሚወጣ ነገር ካለ እንዲያወጣ በአንድ ድምፅና በደማቅ ጭብጨባ መወሰኑ በዚያ ቃለ ጉባኤ ተጽፏል።

አቶ ሞላ በዚያ ዕለት ያጨበጨቡት ዝንብ ለመግደል መሆኑን ገልጸው እንዲታረምላቸው አመለከቱ። ሰብሳቢው በበኩላቸው በሐሳቡ ላይ ጥርጣሬ እንደነበራቸው፣ ሆኖም በፊታቸው ብቻ እንደገለጹት አስታወሱ። ጸሐፊው ፊት የሚመዘገብበት አሠራር እንደሌለ አስረዳ። እሱም ራሱ ስለ ምን እንደሚያጨበጭብ ሳያውቅ ከሁሉም አስበልጦ ማጨብጨቡን መምህርት ራቢዓ አስታወሱት። ቃለ ጉባኤው ሳይታረም ጸደቀ።

አጀንዳ ሁለት። የተማሪ ፀዲ እሸቴ ጉዳይ

ይህን አስቸኳይ ስብሰባ የጠሩት መምህርት ራቢዓ ናቸው። ጉዳዩን እንደሚከተለው አስረዱ።

ፀዲ ከጎብዬ በሚኒባስ እየተመላለሰች ቆቦ የምትማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባለፈው ሳምንት የሞዴል ፈተናውን በእኛ ሰርቨር ተፈተነች። ውጤቱ ሲታይ የእሷ መልስ ሄኖክ ከሚባል ተማሪ መልስ ጋር ከነስሕተቱ አንድ ሆኖ ተገኘ። ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ በሚለው ጥያቄ ሥር እንኳ፣ አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር እንደሆኑና ጅቡቲ እንደሚመላለሱ ተጽፎ ይገኛል። የፀዲ አባት አቶ እሸቴ ግን ማሽላ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። የሄኖክ አባት ናቸው ሾፌሩ።

ትምህርት ቤቱ ኮርጃለች ብሏል። ነገ ሰኞ ከማጠናከሪያ ትምህርቱ ልትወጣ፣ ስሟም በማስታወቂያ ሰሌዳ ሊለጠፍ ነው። ልጅቱ የጻፍኩት ይህን አይደለም ብትልም የሰማት የለም። ሁለቱ ተማሪዎች የተቀመጡት በአዳራሹ ሁለት ጫፍ ነበር።

አቶ ሞላ የዛሬ ልጆች መኮረጃ ዘዴያቸው ብዙ ነው የሚል አስተያየት ሰጡ። መምህርት ራቢዓ የሚከተለውን መለሱ፤ ቃል በቃል እንዲያዝላቸውም ጠየቁ።

"መልስ ትኮርጅ እሺ። የሰው አባት ትኮርጃለች?"

አቶ ሞላ አስተያየታቸውን አነሡ።

በዚህ ጊዜ ሰላሁዲን መናገር እንደሚፈልግ ገለጸ። ከጧት ጀምሮ ምግብ አለመቅመሱን ጸሐፊው አስተውሏል።

አጀንዳ ሦስት። የቴክኒክ ዘርፍ ማብራሪያ

ሰላሁዲን ሦስት ጊዜ አስረዳ። የመጀመሪያውን ጸሐፊው ስላልገባው አልጻፈውም። ሁለተኛውን የገባው መስሎት ጽፎ ሰርዞታል። ሦስተኛው ይህ ነው።

በሰርቨሩ ላይ ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ፕሮግራም ይከፈትለታል። ፕሮግራሙ መልሶቹን የሚያስቀምጠው በሜሞሪ ገጾች ላይ ነው። የሄኖክም ፕሮግራም ገጽ አንድ ይላል፣ የፀዲም ገጽ አንድ ይላል፤ በእውነተኛው ሜሞሪ ግን ሁለቱ ገጾች የተለያየ ቦታ ናቸው። የማን ገጽ የት እንዳለ በሰንጠረዥ የሚይዘው ከርነሉ ነው፤ ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል ነው። ፕሮሰሰሩ ለእያንዳንዷ ፊደል ሰንጠረዡን እያየ ቢሠራ ስለሚመሽበት፣ በቅርቡ ያያቸውን አድራሻዎች በአጠገቡ ባለች ትንሽ መሸጎጫ ውስጥ ይይዛል። ፍጥነቱም የሚገኘው ከዚህች መሸጎጫ ነው።

ሜሞሪ ሲጠብ ከርነሉ የአንዱን ገጽ ወደ ዲስክ ያወርድና ቦታውን ለሌላው ይሰጣል። መሸጎጫዋ ግን አድራሻ መቀየሩን በራሷ አታውቅም። በሰርቨሩ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ብዙ ፕሮሰሰሮች አሉ፤ ሁሉም የየራሳቸው መሸጎጫ አላቸው። ስለዚህ ከርነሉ አድራሻውን ሊይዙ የሚችሉትን ሁሉ ሥራቸውን አስቁሞ "ይህን አድራሻ አጥፉ" ይላቸዋል። ሁሉም "አጥፍተናል" እስኪሉ ቆሞ ይጠብቃል። ቦታው ለሌላ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰብሳቢው ታዲያ ምን ተበላሸ ሲሉ ጠየቁ።

"መጠበቁን አወጣሁት" አለ ሰላሁዲን። "ጊዜውን የሚበላው እሱ ነበር። መልእክቱ ይላካል፣ መልስ ግን አይጠበቅም። በሙከራ ላይ ምንም አልሆነም፤ ሁሉም ተማሪ በአንድ ጊዜ ሲገባ ግን ሜሞሪው ጠበበ። አንዱ ፕሮሰሰር የሄኖክን የድሮ አድራሻ ሳያጠፋ ቦታው ለፀዲ ተሰጠ። ሄኖክ መልሱን ባስቀመጠ ጊዜ ሙሉውን የጻፈው በእሷ ገጽ ላይ ነው።"

ትናንት በዚያው ማሽን ላይ የሐሰት ተማሪዎች አስገብቶ መሞከሩን፣ የአንዱ መልስ በሌላው ላይ ሲጻፍ በዓይኑ ማየቱንም አከለ። ሰርቨሩ በእርግጥም ፈጥኖ ነበር። ክበቡ በፍጥነቱ ተደስቶ ለስላሳ መጠጣቱን ጸሐፊው ያስታውሳል፤ ሁለት የጠጣውም እሱ ነው።

በመፍትሔው ላይ ብዙ ሐሳብ ቀረበ። አቶ ሞላ ስልክ ሲያስቸግር እንደሚደረገው ሁሉንም መሸጎጫ በየደቂቃው ሙልጭ አድርጎ ማጥፋት ይሻላል አሉ። ሰላሁዲን ይህ ከተደረገ ፕሮሰሰሩ ትክክለኛውንም አድራሻ እየረሳ ሁሉን ነገር ከሰንጠረዥ እንደሚፈልግ፣ ሰርቨሩም ከድሮው የባሰ እንደሚንቀራፈፍ አስረዳ። ሐሳቡ ወደቀ።

ሰብሳቢው ፕሮሰሰሮቹ ከመካከላቸው አንድ ተወካይ መርጠው መልእክት በእሱ በኩል ቢደርሳቸው አሉ። ሐሳቡን የደገፈው ጸሐፊው ብቻ ነው። የደገፈውም ከፕሮሰሰሮች ጋር ሳይሆን ከሰብሳቢው ጋር ላለመጋጨት ነው።

በዚህ ጊዜ የአቶ ዘይኑዲን ድምፅ ከዘፈን ጋር ተሰማ። ሙልጭ አድርጎ ማጥፋቱን ሙሉ በሙሉ እንደሚደግፉ ገለጹ። ሐሳቡ መውደቁ ሊነገራቸው ሲል ኔትወርኩ ጠፋ።

ሰላሁዲን ቀጥሎ የተናገረውን ያለ ወረቀትና አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረው። ከርነሉን የሠሩት ሰዎች ይህን ችግር ከእኛ በፊት ብዙ ደክመውበታል። መልእክቱ የሚላከው ያንን ፕሮግራም ላሠሩት ፕሮሰሰሮች ብቻ እንጂ ለሁሉም አይደለም። ብዙ ገጽ የሚለቀቅ ከሆነ ተሰብስቦ አንድ ጊዜ ይነገራል። ሥራ ፈትቶ የተኛ ፕሮሰሰር አይቀሰቀስም፤ ሲነቃ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንዲያጠፋ ምልክት ይቀመጥለታል። አድራሻዎቹ የየትኛው ፕሮግራም እንደሆኑ ቁጥር ስለሚሰጣቸውም ፕሮግራም በተቀያየረ ቁጥር መሸጎጫውን ባዶ ማድረግ አያስፈልግም። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሊያጥር የሚችለውን አሳጥረው፣ መጠበቅ ያለበትን ግን እየጠበቁ ነው። "እኛ ያወጣነው ሊወጣ የማይችለውን ነው" ብሎ ተቀመጠ።

ሰርቨሩ ወደነበረበት ተመልሶ ለፈተና እንዲዘጋጅ ያለ ጭብጨባ ተወሰነ።

አጀንዳ አራት። ጉዳዩን ለትምህርት ቤቱ ስለ ማሳወቅ

ሰብሳቢው ሐሙስ ከዞን እንግዶች እንደሚመጡ፣ ሰርቨሩን እንደሚጎበኙ፣ "በልጆቻችን የፈጠነ" የሚል ባነርም ታትሞ መምጣቱን አስታወሱ። ባነሩ ከክፍሉ ስለሚረዝም ግማሹ ተጠቅልሎ በጸሐፊው ወንበር ሥር ይገኛል። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ የሚነገረው ነገር በጥንቃቄ እንዲቃኝ አሳስበው ያዘጋጁትን አነበቡ፦ በቴክኒክ አሠራር ሂደት ጊዜያዊ የአድራሻ አለመጣጣም ተከስቶ የነበረ ሲሆን ተገቢው ማስተካከያ ተደርጓል።

ጸሐፊው ዓረፍተ ነገሩ ያማረ መሆኑን በሙያው መሰከረ። መምህርት ራቢዓ ከነዚህ ቃላት ፀዲ አልኮረጀችም የሚለው የትኛው እንደሆነ ጠየቁ። ዓረፍተ ነገሩ ደግሞ ተነበበ። አልተገኘም።

አቶ ሞላ ፀዲ ሌላ ፈተና በዝምታ እንድትወስድ፣ ነገሩም በዚያው እንዲያልቅ ሐሳብ አቀረቡ። ለሁሉም ይበጃል፣ ክበቡም ከነክብሩ ይቆያል አሉ። ሰብሳቢው ደገፉ። ጸሐፊውም እጁን ወደ ማውጣቱ ነበር። መምህርት ራቢዓ ግን ፀዲና አባቷ ከፊት ለፊት ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው እየጠበቁ መሆኑን፣ ሐሳቡን ለራሷ መንገር እንደሚቻል ገለጹ። ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ሁለቱም ተጠሩ።

አቶ እሸቴ ወንበር ቢሰጣቸውም አልተቀመጡም። ፀዲ ከበሩ አጠገብ ቆመች። መምህርት ራቢዓ "አብሽሪ፣ የመሰለሽን ተናገሪ" አሏት። ሰብሳቢው ማሽኑ መሳሳቱን ነግረዋት፣ ሌላ ፈተና ለብቻዋ ብትወስድ ትስማማ እንደሆነ በትሕትና ጠየቋት።

ፀዲ መልሳ ጠየቀች።

"ፈተናውን ደግሜ ብወስድ፣ ኮረጀች የተባለው ይቀራል?"

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሰላሁዲን ተነሥቶ፣ ለርዕሰ መምህርቷ ለብቻው ሄዶ እንደሚናገር፣ ጥፋቱን እሱ ስለሠራው ክበቡ መግባት እንደሌለበት ገለጸ። ይህ ሐሳብ አንዳንድ አባላትን ደስ እንዳሰኘ ጸሐፊው ከራሱ በመነሣት መመዝገብ ይችላል። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ሰብሳቢው መነጽራቸውን መልሰው እያደረጉ ሥራው በአንድ ድምፅ የታዘዘ ስለሆነ የሚሄደው ሰውም አንድ ሊሆን እንደማይችል ተናገሩ። ሁሉም ዛሬውኑ ወደ ርዕሰ መምህርቷ ቤት እንዲሄዱ ተወሰነ። የተነበበው ዓረፍተ ነገርም ተነሣ።

ደንቡ አቶ ዘይኑዲንም እንዲሰሙ ስለሚያዝዝ ተደወለላቸው። አልተገኙም። ደጋግሞ ተደወለ። በመካከሉ አንድ ጊዜ ተገኝተው፣ ልጅቱ በዝምታ ትፈተን የሚለውን ሐሳብ እንደሚደግፉ ተናግረው ጠፉ። አቶ ሞላ እሳቸውን ሳይጠብቁ መሄድ ይሻላል አሉ። ሰላሁዲን አልተስማማም።

"ሐሙስ እንግዶቹን ተቀብለው ስለ ሰርቨሩ የሚያወሩት እሳቸው ናቸው" አለ። "ካልነገርናቸው የድሮውን ነው የሚያወሩት። እዚህ ያደረሰንም አለመጠበቅ ነው።"

ተጠበቀ። የክፍሉ ቆርቆሮ ከሙቀቱ የተነሣ ይንጫጫ ነበር። አቶ እሸቴ ማንም ሳይጠይቃቸው "እኔ እንኳ ሳላውቀው ጅቡቲ ደርሼ ተመለስኩ" አሉ። ፀዲ ፊቷን አዞረች፤ ስትስቅ ግን ጸሐፊው አይቷታል። ከመጣች ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አቶ ዘይኑዲን ራሳቸው በባጃጅ ደረሱ። የሰርግ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነበሩ። በመጨረሻው ጥሪ በስልኩ ውስጥ "ፀዲ" እና "ጠፋ" የሚሉትን ቃላት ብቻ ስለሰሙ ልጅ የጠፋች መስሏቸው ኒካሁን አቋርጠው መምጣታቸውን ተናገሩ። ልጅቱን ቆማ ሲያዩ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ተቀመጡ። ጉዳዩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተነገራቸው። በስልክ የሰጧቸውን ድምፆች ሁሉ አንሥተው ሰምቻለሁ አሉ።

የስብሰባው ቀጣይ ክፍል፣ በርዕሰ መምህርቷ ግቢ

ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ ብዙነሽ ይህን ያህል ሰው በእሑድ ሲመጣባቸው ለለቅሶ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ማን ይናገር የሚለው በመንገድ ላይ ውይይት ተደርጎበት ያልተቋጨ ስለነበር ሁሉም ወደ ሰብሳቢው ተመለከተ። ሰብሳቢው "በቴክኒክ አሠራር ሂደት" ብለው ጀመሩ። ከዚያ አቶ እሸቴ ከበሩ ውጭ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መቆማቸውን አዩ። ንግግራቸውን አቋረጡ።

"ልጅቱ አልኮረጀችም" አሉ። "ማሽኑን ያበላሸነው እኛ ነን።"

ርዕሰ መምህርቷ ይህ የተረጋገጠ እንደሆነ ጠየቁ። ሰላሁዲን ማሽኑ ባለበት አሁኑኑ ሊያሳያቸው እንደሚችል ተናገረ። አባላቱ ሁሉ ተራ በተራ አዎ አሉ። አቶ ዘይኑዲን ጭምር በትክክለኛው ሰዓት አዎ ብለዋል። ወይዘሮ ብዙነሽ ወደ ፀዲ ዞረው፣ ይህን ከመጀመሪያው ለምን እንዳልነገረቻቸው ጠየቋት።

"ነግሬዎት ነበር" አለች ፀዲ።

ርዕሰ መምህርቷ አቶ እሸቴን ከበሩ ወደ ውስጥ አስገብተው፣ ነገ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት ራሳቸው እንደሚናገሩ፣ ክበቡም በሙሉ አጠገባቸው ቆሞ ያበላሸው እሱ መሆኑን እንደሚናገር አስታወቁ። ፈተናውም ከዚህ በኋላ በወረቀት እንደሚሰጥ ጨመሩ። ሰብሳቢው ስለ ሐሙሱ እንግዶች ሊያነሡ አስበው ትተውታል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ክበቡ ከግቢው በር ውጭ፣ ቆሞ፣ የሚከተለውን በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

ሰርቨሩን ለማፍጠን ከተወሰነበት ቀን ጀምሮ የተላለፉት ውሳኔዎች፣ ባነሩ፣ የሐሙሱ ጉብኝት፣ እንዲሁም ዛሬ በአጀንዳ ሦስት ሰርቨሩን ለፈተና መልሶ ለማዘጋጀት የተወሰነው ተሽረዋል። ክበቡ ራሱ ይቀጥል ወይስ ይፍረስ የሚለውም ተነሥቶ ነበር፤ የሚፈርስ ነገር እንዳለው ማረጋገጥ ስላልተቻለ ሳይወሰን ቀረ።

ስብሰባው የተጠናቀቀው አቶ እሸቴና ፀዲ የጎብዬን የመጨረሻ ሚኒባስ ሲሳፈሩ ነው።

ጸሐፊው ይህን ሲገለብጥ ሰብሳቢው አንድ ነገር አስጨምረውታል። ሽረቱ የሚመለከተው ክበቡ የወሰናቸውን ብቻ ነው። ፀዲ እሸቴ አልኮረጀችም የሚለው በማንም አልተወሰነም፤ የሆነው እሱ ስለሆነ የሚሽረው ስብሰባ የለም።